መጋዙ ከእጅ ይፈጥናል

በቤንዚን የሚሠራ መካከለኛ የሞተር መጋዝ ሙሉ ጉልበት ሲሰጠው ሰንሰለቱ በሴኮንድ ከ20 ሜትር በላይ ይሮጣል፤ በመኪና ፍጥነት ሲሰላ በሰዓት ከ72 ኪሎ ሜትር ያለፈ ማለት ነው። ሰንሰለቱ የሚዞረው ባር በሚባለው ረጅም ጠፍጣፋ ብረት ዙሪያ ነው። ጀማሪ ሁሉ የሚፈራው የባሩን መሐል ሲሆን መፈራት ያለበት ግን ጫፉ ነው። በጫፉ የላይኛው ግማሽ ላይ የሚያልፈው ጥርስ ሳይታሰብ ከግንድ፣ ከቅርንጫፍ ወይም መሬት ላይ ከተኛ ሌላ እንጨት ጋር ከተገናኘ፣ ቆርጦ ማለፍ ያቅተውና የሰንሰለቱ ጉልበት ወደ መጋዙ ይመለሳል። ያኔ መጋዙ ወደ ላይና ወደ ኋላ፣ ወደ ያዘው ሰው ፊትና አንገት ይራገጣል። ይህ ሁሉ የሚሆነው በአንድ አሥረኛ ሴኮንድ ገደማ ነው። ዓይን አይቶ፣ አእምሮ ተረድቶ፣ እጅ እስኪንቀሳቀስ ደግሞ ቢያንስ የዚያ እጥፍ ጊዜ ያስፈልጋል። ስለዚህ «ተጠንቅቄ እሠራለሁ» የሚል ሰው ለዚች ቅጽበት ምንም አልተዘጋጀም። ጥንቃቄው ሊደርስለት አይችልም፤ በዋናነት ሊያድነው የሚችለው መጋዙ ከመራገጡ በፊት እግሩና እጁ የነበሩበት ቦታ ነው።

ትክክለኛውን አቋቋም በቃል መናገር ከባድ አይደለም። ሰውነት ባሩ በሚሄድበት መስመር ላይ ሳይሆን ወደ ግራው ጥቂት ፈንጠር ብሎ ይቆማል፤ መጋዙ ቢራገጥ ከራስ ጎን እንዲያልፍ ነው። ግራ እጅ የፊቱን መያዣ ሲጨብጥ አውራ ጣት በሥሩ ዞሮ ከሌሎቹ ጣቶች ጋር ይገጥማል፤ ከላይ ተጋድሞ የሚያርፍ አውራ ጣት በመጀመሪያው ርግጫ ይለቃል። ሁለቱም እጆች ሁልጊዜ መጋዙ ላይ ናቸው፣ ከትከሻ በላይ አይቆረጥም፣ መሰላል ላይ ተወጥቶ አይቆረጥም። ሲነሣ መሬት ላይ ተቀምጦ፣ የሰንሰለት ፍሬኑ ተይዞ፣ የኋላ መያዣው በቀኝ እግር ተረግጦ ነው፤ በአንድ እጅ አንጠልጥሎ ገመዱን መሳብ ክልክል ነው። ይህን ሁሉ ማንም ሰው በሁለት ደቂቃ አንብቦ ሊያስታውሰው ይችላል። ችግሩ የሚመጣው ከሃያኛው ቅርንጫፍ በኋላ፣ ክንድ ሲዝል፣ ላብ ዓይን ውስጥ ሲገባ፣ ለአንዲት ቀጭን ጭራሮ ብሎ ዞሮ መቆም ሲያሰለች ነው። አውራ ጣቱ ቀስ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል፣ ራስ ወደ ባሩ መስመር ያዘነብላል፣ የሚሠራው ሰው ግን አይታወቀውም። ዓይኑ እንጨቱ ላይ ነውና የራሱን አቋቋም አያይም። የሞተር መጋዝ ሥልጠና የሌላ ሰው ዓይን ባለበት፣ በእውነተኛ እንጨት ላይ፣ በተግባር መሰጠት አለበት የምለው ከዚህ ተነሥቼ ነው። የሚጎድለው ዕውቀት ቢሆን ኖሮ መጽሐፍ ይበቃ ነበር። የጎደለው የእጅ ልማድ ነው፤ ልማድን ደግሞ የሚያርመው አጠገብ የቆመ ሰው ነው።

የጉዳቱ መዝገብም ይህንኑ ያሳያል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2013 ባሉት አምስት ዓመታት በሞተር መጋዝ ተጎድተው ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል የሄዱት ሰዎች ወደ 116,000 እንደሚጠጉ ተገምቷል። ከመቶው ዘጠና አምስቱ ወንዶች ናቸው፤ አብዛኞቹ በ30 እና በ59 ዓመት መካከል ያሉ፣ ማለትም ጉልበትም ማስተዋልም ያላቸው ሰዎች። በብዛት የተጎዳው እጅና ጣት እንዲሁም ጉልበት ነው። ጉልበት መሆኑ ብዙ ይናገራል፤ ሰው ቆርጦ ሲጨርስ ሰንሰለቱ ገና እየዞረ መጋዙን ወደ ታች ያወርዳል፣ ወይም ሰንሰለቱ እንደዞረ ወደሚቀጥለው ቅርንጫፍ ይራመዳል። ዛፉ ያልተዘጋጀለት ጠላት ሆኖ አይደለም፤ ሰውየው በሁለት ቆረጣዎች መካከል ፍሬኑን የመያዝ ልማድ ስላልነበረው ነው። አደጋው የሚበዛው ከመስከረም እስከ ኅዳር ባሉት ወራት ሲሆን፣ ይህ በዚያ አገር የክረምት ማገዶ የሚዘጋጅበትና ከባድ አውሎ ነፋስ የሚበዛበት ወቅት ነው።

የነፋስ ነገር ከተነሣ የስዊድንን ታሪክ ማለፍ አይቻልም። እ.ኤ.አ. በጥር 2005 ጉድሩን የተባለ አውሎ ነፋስ በደቡብ ስዊድን በአንድ ሌሊት ወደ 75 ሚሊዮን ሜትር ኩብ የሚገመት ደን ገነደሰ። በማግስቱ የደን ባለቤቶችና ገበሬዎች መጋዛቸውን ይዘው ወጡ፤ ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት የወደቀውን እንጨት ሲያነሡ የሞቱት ሰዎች በነፋሱ ሌሊት ከሞቱት በለጡ። እነዚህ መጋዝ አይተው የማያውቁ የከተማ ሰዎች አልነበሩም፤ ስዊድን ደን የኑሮ መሠረት የሆነበት አገር ነው። ነገር ግን የቆመ ዛፍ መቁረጥና ነፋስ የጣለውን መቁረጥ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ነፋስ የጣለው ግንድ ሥሩ ከነአፈሩ ተነቅሎ፣ ጫፉ ሌላ ዛፍ ላይ ተደግፎ፣ መካከሉ ጎብጦ ሊሆን ይችላል። የጎበጠ እንጨት አንዱ ጎኑ የተወጠረ፣ ሌላው ጎኑ የተጨመቀ ነው። የተጨመቀውን ወገን አብዝቶ የቆረጠ ሰው ባሩ ተነክሶ ይያዝበታል፤ የተወጠረውን በአንዴ የበጠሰ ሰው ደግሞ ግንዱ እንደ ወስፈንጥር ተፈናጥሮ ይመታዋል። ከሥሩ አጠገብ ሲቆረጥ፣ ተገልብጦ የቆመው የሥርና የአፈር ግድግዳ ከግንዱ ክብደት ነጻ ሲወጣ በድንገት ወደ ጉድጓዱ ይመለሳል። ከጀርባው የቆመ ሰው ካለ መውጫ የለውም። የትኛው ወገን እንደተወጠረ የሚነግር ምልክት እንጨቱ ላይ አልተጻፈም፤ ሰው የሚማረው ከሚያውቅ ሰው ጋር ግንዱን ዞሮ እያየ፣ ትንሽ ትንሽ እየቆረጠና ቁርጡ ሲከፈት ወይም ሲዘጋ እየተመለከተ ነው።

የቆመ ዛፍም ቢሆን የራሱ ረቂቅ ነገር አለው። መጀመሪያ ዛፉ እንዲወድቅ በሚፈለግበት ወገን የሽብልቅ ቅርጽ ያለው አፍ ይወጣለታል፤ ከዚያ ከኋላ ሲቆረጥ እስከ መጨረሻው አይበጠስም፣ በመካከል አንድ ቀጭን ያልተቆረጠ እንጨት ይቀራል። ይህ ማጠፊያ እንደ በር ማጠፊያ ዛፉን እየመራ ያወርደዋል። ብዙ አሠልጣኞች ውፍረቱ ከግንዱ ስፋት አንድ አሥረኛ ገደማ እንዲሆን ያስተምራሉ። ሲሳሳ ዛፉ ወዳሻው ይዞራል፤ ሲወፍር ወይም አፉ ሲጠብ ዛፉ እየወደቀ ሳለ ግንዱ ከሥር ወደ ላይ ለሁለት ሊሰነጠቅ ይችላል። የተሰነጠቀው የኋላ ግማሽ ወደ ላይና ወደ ኋላ ተወርውሮ ቆራጩ የቆመበትን ይመታል። ለዚህ አደጋ በይበልጥ የተጋለጠው ያዘመመ ዛፍና ቶሎ የሚሰነጠቅ እንጨት ነው። ባህር ዛፍን የሚያውቅ አንባቢ የት ላይ እንዳለን ይገባዋል፦ ከተቆረጠ ጉቶ ላይ እንደገና የሚያቆጠቁጡት ግንዶች እርስ በርስ እየተገፋፉ ወደ ውጭ ያዘማሉ፣ እንጨቱም በውስጡ ውጥረት ስላለው ለመሰንጠቅ ምክንያት አይፈልግም። መቁረጥ ከመጀመሩ በፊት ከመውደቂያው በተቃራኒ በሰያፍ የሚያስኬድ መሸሻ መጠረግ አለበት፤ ዛፉ መነቃነቅ ሲጀምር ቆሞ ማየት ደስ ቢልም አብዛኛው ሞት ያለው ከጉቶው አጠገብ ባሉት ጥቂት እርምጃዎች ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ የሚነሣው የመጀመሪያው ተቃውሞ፣ ለዚህ ሁሉ መከላከያ ልብስና ዘመናዊ መጋዝ አለ የሚለው ነው። ቁም ነገር አለው፤ ከሄልሜት፣ ከፊት መከለያ፣ ከጆሮ መዝጊያ፣ ከጠንካራ ጫማና ከልዩ ሱሪ ውጭ ማንም መጋዝ መያዝ የለበትም። ሱሪው የሚሠራበት መንገድ ራሱ ድንቅ ነው፤ ሰንሰለቱ ሲነካው ውስጡ ያሉት ረጃጅም ክሮች ተመዝዘው ሰንሰለቱን በሚያዞረው ጥርስ ላይ ይጠመጠሙና ሞተሩን ያንቁታል። ነገር ግን የተፈተነበት ፍጥነት ወሰን አለው፦ በአውሮፓ ደረጃ አንደኛው ክፍል በሴኮንድ 20 ሜትር፣ ሁለተኛው 24፣ ሦስተኛው 28 ሜትር። ብዙ ሰው የሚገዛው አንደኛውን ነው፣ ብዙ መጋዝ ደግሞ ሙሉ ጉልበቱ ላይ ከዚያ ይፈጥናል። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ወዲህ የተለመደው የሰንሰለት ፍሬንም የብዙ ሰው ሕይወት ማትረፉ አያጠራጥርም፤ ሆኖም የተበላሸ፣ በእንጨት ብናኝ የተደፈነ ወይም «ያስቸግራል» ተብሎ የተፈታ ፍሬን የለም እንደማለት ነው፤ ፍሬኑን በየማለዳው መፈተሽ ደግሞ ያው የሥልጠና ጉዳይ ነው። በባትሪ የሚሠራው መጋዝም በአንድ በኩል አሳሳች ነው፤ ሳይቆርጥ ሲቆም ድምፅ ስለሌለው የጠፋ ይመስላል፣ ጣት ማስፈንጠሪያውን ስትነካ ግን ሰንሰለቱ ወዲያው ይነሣል። ስለ ጆሮ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ በአሜሪካ የሥራ ጤና ተመራማሪዎች ስሌት 85 ዴሲቤል ለስምንት ሰዓት ቢፈቀድ፣ በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። የቤንዚን መጋዝ ብዙውን ጊዜ ከ100 ዴሲቤል በላይ ነው፤ 109 ቢደርስ ያለ መዝጊያ የሚፈቀደው ጊዜ ሁለት ደቂቃ እንኳ አይሞላም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከልምድ የሚነሣ ነው፤ ሃያ ዓመት ቆርጫለሁ፣ አንድም ቀን አልተጎዳሁም የሚል። ለዚህ ሰው አክብሮት ይገባዋል፣ ነገር ግን ማስረጃው እንደሚያስበው አይናገርለትም። መጋዝ በየቀኑ አይራገጥም። የተሳሳተ አያያዝ ከመቶ ቆረጣ ዘጠና ዘጠኙን ያለ ቅጣት ያሳልፋል፣ ሥራውንም ትንሽ ያፈጥናል፤ ስለዚህ ልምድ ብቻውን ስሕተትን ይሸልማል። በዛፍ ቆረጣ ለዓመታት የኖሩ የሙያው ሰዎች ሁኔታ ይህን ያጠናክራል፦ በአሜሪካ የሥራ ሚኒስቴር አኃዝ መሠረት እ.ኤ.አ. በ2022 ከ100,000 የደን ቆራጮች 100 ያህሉ በሥራ ላይ ሞተዋል፤ በሁሉም የሥራ መስክ አማካዩ 3.7 ነበር። እርግጥ ነው፣ እነዚህ ሰዎች የሚገጥማቸው ዛፍ ትልቅ፣ ቦታቸውም ገደል ነው፤ ቁጥሩ ስለ ልምድ ብቻ አይደለም። ቢሆንም ልምድ ክትባት አለመሆኑን ያሳያል።

ሦስተኛው የዘመናችን ተቃውሞ ቪዲዮ ነው። ጥሩ የማስተማሪያ ቪዲዮ አለ፣ የአፍ አወጣጥንና የማጠፊያን ነገር ከመጽሐፍ ይልቅ እንደሚያስረዳ አልክድም። ለዝግጅት ይበጃል። ነገር ግን ቪዲዮ ተማሪውን አያየውም። አውራ ጣቱ ከላይ እንደሆነ፣ ሰንሰለቱ እንደላላ፣ ማጠፊያውን ከአንድ ወገን አሳስቶ እንደቆረጠ አይነግረውም። በዚያ ላይ ብዙ ተመልካች የሚያገኘው ቪዲዮ ብዙውን ጊዜ አስደናቂ አወዳደቅ ያለበት ነው፤ በደህና የተሠራ ቆረጣ ደግሞ ለማየት አሰልቺ ነው።

ይህን ክርክር አንዳንድ አገሮች በሕግ ዘግተውታል። በስዊድን ዛሬ በቅጥር ሥራ ላይ የሞተር መጋዝ የሚይዝ ሰው የጽሑፍና የተግባር ፈተና አልፎ ማስረጃ መያዝ አለበት፤ የራሱን ማገዶ የሚቆርጠው ሰው በሕግ ባይገደድም እንዲወስደው ይመከራል። በእንግሊዝ በዛፍ ሥራ የተሰማራ ባለመጋዝ የብቃት የምስክር ወረቀት ይጠበቅበታል፤ ላንትራ እና ሲቲ ኤንድ ጊልድስ የሚባሉት ተቋማት ይሰጣሉ። በጀርመን ከሕዝብ ደን ማገዶ ራሱ ሊቆርጥ የፈለገ ሰው የመጋዝ ኮርስ መውሰዱን የሚያሳይ ወረቀት ይጠየቃል። አሜሪካ ግን የተዘበራረቀች ናት። ማንም ሰው ከሱቅ መጋዝ ገዝቶ ይወጣል፣ ማንም አይጠይቀውም። በአንጻሩ በብሔራዊ ደኖች ውስጥ በነጻ ፈቃዱ የእግር መንገድ የሚጠርግ ሰው እንኳ በደን አገልግሎቱ ሥርዓት በመስክ ተፈትኖ ኤ፣ ቢ ወይም ሲ ደረጃ ማግኘት አለበት፤ የነጻ አገልግሎት ማኅበራት በዚህ መንገድ ብዙ ሰው ያሠለጥናሉ። ከስዊድናዊው አሠልጣኝ ሶረን ኤሪክሰን ትምህርት የተነሣው ጌም ኦፍ ሎጊንግ የተባለው ተከታታይ ኮርስ፣ የክልል ዩኒቨርሲቲዎች የግብርና ማስፋፊያ ክፍሎችና የደን ባለቤቶች ማኅበራትም ይገኛሉ። በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በጆርጂያ ቤት የገዙ ብዙ ኢትዮጵያውያን ግቢ ትልልቅ ዛፎች አሉት፤ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2012 ዋሽንግተን አካባቢን የመታው ዓይነት ነፋስ በመጣ ማግስት ኮርስ መፈለግ ግን ዘግይቷል። በቅጥር የሚሠሩት አንድ መብት ቢያውቁ ይጠቅማቸዋል፦ የአሜሪካ የደን ቆረጣ ደኅንነት ደንብ ሥልጠናው ሠራተኛው ሊረዳው በሚችለው መንገድ እንዲሰጥ አሠሪውን ያስገድዳል። እንግሊዝኛ የከበደው ሰው አስተርጓሚ ቢጠይቅ ውለታ አይደለም።

ወደ አገራችን ስንመጣ ጠንካራው ተቃውሞ ይመጣል፦ ይህ የሀብታም አገር ቅንጦት ነው፣ እኛ ጋ መጋዙ ራሱ በውሰትና በኪራይ ነው፣ ማን ሊያሠለጥን ነው? ድህነቱ እውነት ነው፤ ድምዳሜው ግን የተገለበጠ ነው። የተቆረጠ እጅ ወይም የተሰበረ እግር ያለው ገበሬ የሚያርፍበት ኢንሹራንስ፣ ቶሎ የሚደርስ አምቡላንስ በሌለበት አገር የአንድ ርግጫ ዋጋ ከስዊድን ይበልጣል እንጂ አያንስም። ባህር ዛፍ ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ የተቆረጠው በመጥረቢያና በእጅ መጋዝ ነው፤ የአጣናና የጠርብ ንግድ ሲሰፋ ሞተሩ ገባ፣ ከሞተሩ ጋር ግን አሠልጣኙ አልገባም። መጋዙን የሚያከራየው ሰው ቤንዚኑንና ሰንሰለቱን ይቆጥራል፣ የሚይዘውን ሰው አያያዝ አይመለከትም። የሕጉ መሠረት አለ፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው ሠራተኛውን ስለ ሥራው አደጋ እንዲያስተምርና መከላከያ እንዲያቀርብ ያዛል። ዕውቀቱም እንግዳ አይደለም፤ የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅትና የዓለም የሥራ ድርጅት በሐሩር አካባቢ ደኖች ስለሚሠራ የሞተር መጋዝ የማሠልጠኛ መጽሐፍ ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1980 ነበር፤ የወንዶ ገነት የደን ኮሌጅም ከዚያ ሁለት ዓመት ቀድሞ ተቋቁሟል። የሚያስፈልገው ብዙ ሕንፃ አይደለም። በአንድ ወረዳ ሁለት በደንብ የሠለጠኑ ሰዎች፣ ሁለት ጤነኛ መጋዝ፣ አራት ሱሪና ሄልሜት፣ ለመቆረጥ የደረሰ አንድ የባህር ዛፍ ማሳ ካለ፣ ተማሪዎች በተራ የሚሠለጥኑበት የተግባር ትምህርት ቤት ይሆናል። እንጨቱ ተሸጦ ወጪውን በከፊል ይመልሳል። የደን ድርጅቶችና የቴክኒክና ሙያ ተቋማት ይህን ለመጀመር የሚያንሳቸው ነገር ካለ፣ ጠያቂ ነው።

ኮርስ ያገኘ ሰው ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት የሚጠይቃቸው ጥቂት ነገሮች ጥሩውን ከመጥፎው ይለዩለታል። ከጠቅላላው ጊዜ ስንቱ መጋዝ በእጅ ተይዞ የሚያልፍ ነው? አንድ አሠልጣኝ ስንት ሰው ይይዛል? ከአምስትና ከስድስት ካለፈ ማየት አይችልም። ሰንሰለት መሞረድና ፍሬን መፈተሽ ይማሩበታል? ይህ እንደ ትርፍ ነገር ይታያል እንጂ የደነዘ ሰንሰለት ሰውን በጉልበት እንዲጫን ያደርገዋል፣ የተጫነ ሰው ደግሞ ሚዛኑን ያጣል። የሚቆረጠው የተጋደመ ግንድ ብቻ ነው ወይስ የቆመ ዛፍም አለ? ፈታኙ አሠልጣኙ ራሱ ነው ወይስ ሌላ ሰው? የመድማት የመጀመሪያ እርዳታ ይሰጣል? በእንግሊዝ በየጊዜው መጋዝ የሚይዝ ሰው በየአምስት ዓመቱ፣ አልፎ አልፎ የሚይዝ ደግሞ ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ባለው ጊዜ እንዲታደስ ይመከራል፤ እምብዛም የማይቆርጠው ቶሎ እንዲመለስ መደረጉ ትክክል ነው። ኮርሱን እስኪያገኝ ድረስ ደግሞ የሚተዋቸው ሥራዎች አሉ፦ ሌላ ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ የቀረ ዛፍ፣ ነፋስ የጣለውና የጎበጠው ግንድ፣ ከኤሌክትሪክ መስመር አጠገብ ያለ ማንኛውም ቅርንጫፍ፣ ከባሩ ርዝመት የሚበልጥ ግንድ። መሬት ላይ ጸንቶ የተኛ፣ ሁለቱም ጫፉ የሚታይ እንጨት ግን አጠገቡ ሌላ ሰው ቆሞ አውራ ጣቱን እያየለት ሊቆርጥ ይችላል።